ለክቡር ፕሬዚዳንታችን፦ ዓወት ክለቡን ለምን እንደለቀቀ

ይድረስ ለተከበሩ የምሥራቅ ጎህ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት
ኦሎምፒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤትዎ ሰላም፣ ለጉሮሮዎም ፈውስ እመኛለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ትንሽ ሻክሮ ስለሰማሁት ተጨንቄአለሁ። ጋዜጠኛው ተጫዋቾች ለምን ክለብዎን እየለቀቁ እንደሚሄዱ ሲጠይቅዎ፣ «ለእኔም እንቆቅልሽ ነው፤ አብልተን፣ አልብሰን፣ ስም ሰጥተን ያሳደግነው ዓወት እንኳ ጥሎን ሄደ፤ የዛሬ ልጅ ከገንዘብ በቀር የሚያውቀው የለም» ብለው መለሱ። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው በእንቆቅልሽ ተይዞ ሲቸገር እየሰሙ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ፣ አገር ስጠኝ እስኪባሉ ድረስ ሳልጠብቅ መልሱን ላቀርብልዎ ተነሣሁ።

እኔ አያሌው ገመዳ እባላለሁ። ገርጂ ኮንዶሚኒየም የሚገኘው የእድራችን ሰብሳቢ ነኝ፤ ክለባችን አቧራ ሜዳ ላይ ይጫወት ከነበረበት ዘመን ጀምሮም ደጋፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር፤ ቁጣ ሰውን ቀና አድርጎ ያስኬዳል። እኔ ግን የምጽፈው አፍሬ ነው። ያፈረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ስለሚጽፍ መስመሩ ቢንጋደድብኝ ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የዓወት አባት አቶ ገብረዋሕድ ገርጂ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ሲጫወት ስታዲየም መግባት አይሆንላቸውም፤ ጋራዣቸውን ዘግተው፣ የቆመ መኪና ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው በሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። የልጁን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ዓወት ማለት በትግርኛ ድል ማለት ነው። ቅሬታዎቼን እንደ ቢሮ ደንብ በተራ ቁጥር ለማቅረብ ሞክሬአለሁና በዚሁ ቅደም ተከተል ይመልከቱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ማንጎ ጭማቂው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ባለፈው ዓመት የውድድሩ ማብቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ገብረዋሕድ ወደ ሥራ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወድቀው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። ዓወት በማግስቱ ለሚደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከቡድኑ ጋር ቦሌ አንድ ሆቴል ገብቶ ነበር፤ የተጫዋቾቹም ስልክ ሐሳባቸው እንዳይበተን ተብሎ ተሰብስቧል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በጥበቃ አይላክም፤ ዘመድና ሽማግሌ ሄዶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ፣ ክንዱን ይዞ ነው የሚያረዳው። ይህን የምጽፍልዎ እንደማያውቁት ቆጥሬ ነው፤ ያውቁታል ብዬ ማሰቡ ይበልጥ ስለሚያሳፍረኝ።

ስለዚህ እኔና የሟቹ ወንድም አቶ ኣፅብሃ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወደ ሆቴሉ ሄድን። የቡድን መሪዎ አቶ አብነት ገና ከበሩ ሲያየን ነገሩ ገባው፤ ተጫዋቾቹ ነጠላችንን እንዳያዩ ከእንግዳ መቀበያው አጣድፎ አንድ ጎን ላይ ወዳለ ክፍል አስገባንና የማንጎ ጭማቂ አዘዘልን። እንግዳ አክባሪነቱን እመሰክራለሁ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮም ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጥናችሁ» አለኝ። «ግን የነገው ጨዋታ የምንወርድበት ወይም የምንተርፍበት ነው። ዓወት ከሌለ አለቀልን።»

«ልጄ፣ የሞቱት አባቱ ናቸው» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ፕሬዚዳንቱን ልጠይቅ» ብሎ ደወለልዎ። ክፍሉ ጠባብ ነበርና ድምፅዎ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማን። እንዲህ አሉ፦ «የሞተ ሰው የትም አይሄድም፤ ጨዋታው ግን ያልፋል። ቀብሩን ወደ አመሻሹ ያድርጉት፤ ከሜዳ እንደወጣ በራሴ መኪና አደርሰዋለሁ።»

አቶ ኣፅብሃ ጭማቂውን ሳይነካ ተነሣ። «ና እንሂድ፤ ወንድሜን እነዚህ ሰዎች በር ላይ አላስለምነውም» አለኝና ወጣ። እኔ ግን የክለቤ ፕሬዚዳንት ቃል ነው ብዬ ቃልዎን ተቀበልኩ። ተቀብዬም ወደ ሐዘን ቤት ይዤው ሄድኩ። የአቶ ገብረዋሕድ ባለቤት ወይዘሮ አለም ፊቷ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ አገኘኋትና የነገሩኝን ነገርኳት።

«ጋሽ አያሌው፣ እርስዎ ካሉ ይሁን» አለች። «ብቻ አባቱ አፈር ሳይለብስ ልጄ ይድረስልኝ።»

ሁለተኛ፣ ስለ ንግግርዎ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የጨዋታውን ነገር አንድም ሰው አላነሣም፤ ሰዓቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከድንኳኑ ማዶ ካለው ሻይ ቤት በድንገት «ጎል!» የሚል ጩኸት ተነሣና ወንበር ሲወድቅ፣ ጠረጴዛ ሲደበደብ ተሰማን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ወይዘሮ አለም ቀና ብላ «ማነው ያገባው?» አለች።

ሴት ልጅዋ ዮሃና፣ «እሱ ነው እማዬ» አለቻት፤ ነጠላዋንም በአፏ ላይ ሸፈነች።

ያን ግብ ምን ያህል እንደሚወዱት አውቃለሁ፤ በክለቡ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንዳወጡት አይቻለሁ። ዓወት ኳሷን ከመረብ ካገናኘ በኋላ ወደ ደጋፊው ሮጦ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ይጨፍራል፤ ጓደኞቹ ይከቡታል፤ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል። እኛ ዘንድ ያ ምስል የደረሰው ገና ሬሳው ከቤት ሳይነሣ ነው። በየስልኩ ላይ ከሥሩ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ «አባቱ ሞቶ ይጨፍራል» ይላልና። ያ ልጅ የሞተበት መኖሩን የማያውቁት፣ እዚያ ሜዳ ላይ ካለው ሕዝብ ሁሉ እሱና ስልካቸው የተሰበሰበባቸው ጓደኞቹ ብቻ ነበሩ።

ጨዋታው አልቆ ከመውረድ ተረፍን። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሬሳው መቃብሩ አፍ ላይ ደርሶ፣ እኔ በየደቂቃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር እየወጣሁ መኪናዎን እጠብቅ ነበር። ዝናብ አንዣበበ፤ ቄሱ ሁለቴ ጠየቁኝ፣ ሁለቴም «ክቡር ፕሬዚዳንቱ ቃል ገብተዋል» አልኳቸው። እርስዎ በዚያው ሰዓት ሜዳው መሐል ማይክሮፎን ይዘው ዓወትን በአንድ ክንድዎ አቅፈው ስለ ክለባችን ታሪክ ይናገሩ ነበር። ንግግሩን በኋላ ሰምቼዋለሁ፤ ያማረ ነው፣ ስለ ቤተሰብነት የሚናገረው ክፍል በተለይ። ትንሽ አጠር ቢል ኖሮ ግን አንድ ልጅ አባቱን ይቀብር ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መርዶው። ይህን ሥራ ከትከሻችን ስላወረዱልን የእድራችን አባላት በሙሉ ያመሰግኑዎታል፤ ከእኛ ወስደው ለተጋጣሚው ቡድን አምበል ሰጡት። ሊባን የሚባለው ይህ ልጅ የነገሌ ሰው ነው። የአቶ ገብረዋሕድን ማረፍ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ከቴሌግራም ላይ ጠዋት አንብቦ ነበርና፣ ዓወት እያወቀ፣ ሐዘኑን ችሎ የገባ መስሎት ጨዋታውን ሁሉ በመገረም ሲያየው ዋለ። ንግግርዎ ሲያልቅ ሊባን ተሸንፎም ቢሆን ሜዳውን ሳያቋርጥ አልሄደም፤ መጣና አቀፈው።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ» አለው። «እኔ ብሆን አልችለውም ነበር።»

ዓወት እየሳቀ፣ «ምኑን ነው የማትችለው?» አለው።

ሊባን ራሱ እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ ክንዱ ከዓወት ትከሻ ላይ መነሣት አቃተው። «ሰዎችህ አልመጡም?» አለው፤ ዓወትም ፊቱን አይቶ ገባው። «እናቴ ናት?» አለ። ሊባን አይደለችም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ ነው?» አለ። ሊባን በዚያው ክንዱ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

በራስዎ መኪና ሊያደርሱት አስበው እንደነበር አልረሳሁም። ነገር ግን መኪናዎ በደጋፊ ተከቦ፣ ሾፌሩም ጠፍቶ ስለነበር ሊባን በገዛ ስልኩ መኪና ጠርቶ አብሮት ገባ። ከስታዲየም እስከ ገርጂ ያለውን መንገድ ያን ቀን የዘጋው የእኛው ደጋፊ ነበር፤ ባንዲራ እያውለበለበ፣ ጥሩምባ እየነፋ። አንዳንዱ ዓወትን በመስኮት አይቶ መኪናውን እየደበደበ ስሙን ይዘፍን ነበር አሉ።

ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ አልቋል። ያን የሚያህል ልጅ በመለያው፣ በአጭር ቁምጣው፣ የስፖንሰርዎ ስም ደረቱ ላይ እንደተጻፈ፣ ጫማውን በሩ ላይ ጥሎ በካልሲው በጭቃው ውስጥ እየሮጠ መጣ። ሊባን ከግቢው ውጭ ቆሞ ቀረ። ለቀስተኛው መንገድ ሲለቅለት፣ አንዲት አሮጊት መለያውን አይተው ፊታቸውን አዞሩበት። እኔ ነበርኩ የያዝኩት። «ጋሽ አያሌው፣ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው አርድቻለሁ፤ ብዙ ሰውም ጮሆብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ የለመንኩበት ጊዜ የለም። «መጥተን ነበር ልጄ» ማለት ነበረብኝ።

ከዚህ በኋላ ላለው ነገር ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቁጥር የሚሰጠው ሊታረም ለሚችል ነገር ነው ብዬ ነው።

በሠልስቱ ቀን እርስዎና ባልደረቦችዎ ድንኳናችን ድረስ መጥተው አከበሩን። የክለቡን አርማ የያዘ ትልቅ ጨርቅ ከሐዘንተኞቹ በላይ አሰቀሉ፤ ፎቶ አንሺዎ ፍራሽ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ትንሽ ጠጋ ጠጋ እንዲሉ ጠየቃቸው። ቀጥሎ እርስዎ ተነሥተው፣ ዓወት የአባቱን ማረፍ እያወቀ «ክለቤ ይቀድማል» ብሎ መሰለፉን፣ ሐዘኑን በልቡ ይዞ ግብ ማግባቱን፣ ይህም ለትውልድ ምሳሌ እንደሚሆን ተናገሩ።

ወይዘሮ አለም ቀስ ብላ ወደ ልጅዋ ዞረች። ዓወት ከፍራሹ ተነሣና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እማዬ፣ አላወቅኩም ነበር» አላት። «በአባቴ ስም፣ አላወቅኩም ነበር።»

እርስዎም ትከሻውን መታ መታ አደረጉና ወደ ካሜራው ፈገግ ብለው፣ «ትሕትናው ነው» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቻለሁ። ሰው እናቱ ፊት እውነቱን ሲናገር እውነቱን ትሕትና ብሎ የሚቀማ ሰው ግን ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም። ያን ቀን የክለቡን ሻርፕ ለብሼ ነበር፤ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ለክብርዎ ብዬ ነበር ያደረግኩት። አውልቄ ኪሴ ውስጥ ስከተው ያየኝ ሰው እንዳይኖር ዞር ዞር ማለቴን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ሊባን ግን ከእርስዎ በፊት፣ በቀብሩ ማግስት ማለዳ፣ ቡድኑ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት መጣ። ካሜራም መለያም አልያዘም። ከወይዘሮ አለም ፊት ተንበርክኮ፣ «እናቴ፣ ያረዳሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አላት። እሷም ጭንቅላቱን ይዛ፣ «ልጄ፣ አንተ ባትኖር ማን ይነግረው ነበር?» አለችው። ከሩቅ አገር የመጣ ባላንጣ እኛ ልንጠይቅ የሚገባንን ይቅርታ ሲጠይቅ የእኛ ሰዎች የት እንደነበሩ አልጠየቀንም፤ በዚህም ጨዋነቱ ሁለተኛ አሳፈረን።

ከዚያ ወዲያ ዓወት ሁለት ስም ይዞ በሰፈሩ ተመላለሰ። በእርስዎ ገጽ ላይ አባቱን ለክለቡ የሠዋ ጀግና ነው፤ ከመገናኛ በሚመጣው ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ያ አባቱ ሞቶ የጨፈረው» ነው። ሁለቱም ስሞች ከአንድ ውሸት የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ያውቅ ነበር ይላሉ። ልጁ ኮፍያ ደፍቶ መሄድ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄድ ከግድግዳው ጥግ መቆም ለመደ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘሁትና ተቀመጥን። «ጋሼ፣ ቢሰድቡኝ እችላለሁ፤ የሚያመኝ ሲያመሰግኑኝ ነው» አለኝ። «አባቴ አፈር ሳይገባ ስጨፍር አገር አይቶኛል። ቢያንስ አላወቀም ነበር ይበሉልኝ።»

ይህችኑ ለመለመን ኦሎምፒያ ቢሮዎ አብሬው መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን፤ አቶ አብነት ተቀበለን። ዓወት የጠየቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በክለቡ ገጽ ላይ «ዓወት በጨዋታው ወቅት የአባቱን ማረፍ አላወቀም ነበር» ተብሎ እንዲጻፍለት። አቶ አብነት ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ወደ እኔ እንጂ ወደ ልጁ ማየት አልቻለም።

«ጋሼ፣ እንደዚያ ከተጻፈ ማን ደበቀው ይባላል» አለኝ። «ደግሞ ሕዝቡ ወዶታል፤ ለእሱም ጥሩ ስም ነው። ፕሬዚዳንቱ ለመጪው ዓመት አምበል ይሁን ብለዋል።»

ዓወት ተነሣ። «ስሙ የእኔ አይደለም፤ አምበልነቱንም ለስሙ ባለቤት ስጡት» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ወንበሩንም ወደ ቦታው መልሶ ወጣ። ክለባችንን የለቀቀው ያን ጊዜ ነው፤ የፈረመው ወረቀት በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ዛሬ በሊባን ክለብ ይጫወታል። ከእርስዎ ዘንድ ከሚያገኘው ያነሰ እንደሚከፈለው እርስዎም ያውቃሉ፤ የውሉን ወሬ ከሁላችን በፊት የሰሙት እርስዎ ነዎት። ግብ ሲያገባ ወደ መሐል ሜዳ ዝም ብሎ ይመለሳል። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ለምን አይጨፍርም ብለው አይጠይቁትም አሉ፤ ሊባን ነግሯቸዋል።

እንግዲህ በሬዲዮ የተናገሩትን ወይዘሮ አለም ቤቷ ሆና ሰማችው። «ከገንዘብ በቀር የሚያውቀው የለም» ያሉትን ስትሰማ ሬዲዮውን ዘግታ እኔ ቤት መጣችና፣ «ጋሽ አያሌው፣ ያን ጊዜ የእነሱን ቃል ለእኔ አመጡልኝ፤ አሁን የእኔን ቃል ለእነሱ ያድርሱልኝ» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ። ቃሏ አጭር ነው፦ ልጄ አላወቀም ነበር። ይህንኑ አንዴ፣ በዚያው በሻከረው ድምፅዎ፣ በዚያው ሬዲዮ ቢሉልን እንቆቅልሹ ተፈታ ማለት ነው። ባይሉልንም እኔ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ የሰፈሬም ሰው ሁሉ ያንብበው፤ የጋሽ አያሌው ስምም በዚህ ነገር ውስጥ እንዳለበት ይወቅ።

የተጨናነቀ ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክለብዎ ከመውረድ እንደተረፈ እርስዎም ከፍ እንዳሉ ይቆዩልን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ እፍረት እጅ እነሣለሁ።

አያሌው ገመዳ
የእድር ሰብሳቢ፣ ገርጂ
የቀድሞ ደጋፊዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የግራ ተከላካይዎ የፍትዊ እናት ወይዘሮ ፈለቀች ትናንት ወደ እድራችን ቢሮ መጥተው ነበር። አንድ ነገር ቢሆኑ ለልጃቸው ማን እንደሚነግረው ጠይቀውኝ፣ ክለቡ አለ ብላቸው፣ በመጪው ዓመት ክለባችን የሚገጥማቸውን ቡድኖች አምበሎች ስልክ ቁጥር እንድፈልግላቸው አደራ አሉኝ። ጤንነታቸው በጣም ደህና ነው፤ እርስዎን እንዳያስጨንቅዎ ብዬ ነው የምነግርዎ።